ማክሰኞ ማክሰኞ ባዶ የነበረው ቻይና ቤት

ልጆቼ፣

የባሕር ዳር እኩዮቼ ሰብሰብ ሲሉ ወሬው ከየትም ይነሣ፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከተዘጋ ብዙ ዓመት በሆነው ቻይና ቤት ላይ ነው። አንዱ ስኳርና ኮምጣጤ የገባበትን አሳ ያነሣል፤ ሌላው የበቆሎና የእንቁላል ሾርባውን። "እንደሱ ያለ ቤት ከእንግዲህ የት ይገኛል!" ይባላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ፤ እውነቴን ነው፣ ይናፍቀኛል። ነገር ግን እኔ በዚያ ቤት ሌሎቹ ያላዩትን አንድ ነገር አይቻለሁ፦ የሒሳብ መዝገቡን። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ቀን በመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራሁ፣ ማታ ማታ የትንንሽ ነጋዴዎችን ገቢና ወጪ እይዝ ነበር፤ የቻይና ቤቱም ደብተር በእኔ እጅ ነበር። ለድካሜ ትንሽ ገንዘብና እራት ይሰጠኝ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥብኝ እንደነበር አልነግራችሁም።

ይህን የምጽፈው ካፌም ሆነ ምግብ ቤት ለመክፈት ለምታስቡት፣ እንዲሁም የምትወዱት ቤት ላላችሁ ሁሉ ነው። ናፍቆት ጥሩ ነገር ነው፤ ሒሳብ ግን አያውቅም።

አብዛኞቻችሁ ቻይናን የምታውቁት ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀው ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ጋር ነው። ያን 380 ሜትር ድልድይ የገነባው የቻይና ተቋራጭ ስለሆነ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ቻይናውያንን በከተማችን ማየት ለእናንተ ብርቅ አይደለም። ለእኛ ትውልድ ግን ቻይና ማለት መንገድ ነበር። አገራችን ከቻይና ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመረችው በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። ከዚያ ወዳጅነት የተወለደው ትልቁ ሥራ ከወረታ ተነሥቶ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ በጋይንትና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚወርደው መንገድ ነው። ሲሠራ ዘመኑ ደርግ ሆኖ ነበር። ያገሬው ሰው "የቻይና መንገድ" ይለዋል።

የቻይና ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በወጣትነታቸው በዚያ መንገድ ሥራ ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ውኃ ቀጂና ሽንኩርት ላጭ ነበሩ። አብሳዩ ቻይናዊ አማርኛ አያውቅም፤ እርሳቸውም የእሱን ቋንቋ አያውቁም። የተማሩት በዓይናቸው ነው። በዓይን የተማረ ሰው ደግሞ ግራምና ደቂቃ አያውቅም፤ የዘይቱን ድምፅ ያውቃል። ከ1983 በኋላ የግል ንግድ እንደ ልብ ሲሆን ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ሆነው፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት ውስጥ ጥቂት ጠረጴዛ ዘረጉ። ግድግዳው ላይ ቀይ የወረቀት ፋኖስ ተሰቅሎ ነበር። ከፋኖሱ አጠገብ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር፤ ማንም ይህን ነገሬ ብሎ አያውቅም።

አሁን ስለ ምግቡ። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ደረሰኝ ልሰበስብ ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ነው የማየው። ጋሼ ጥልቅ የብረት መጥበሻ ነበራቸው፤ ታቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው። ለእሱ የሚሆን ምድጃ በከተማው ስላልተገኘ ብረት ሠሪ ዘንድ አሠርተውለታል፤ እሳቱ ሲለቀቅ እያጉረመረመ የመጥበሻውን ታች ሙሉ ይልሰዋል። "እሳቱ ካነሰ አትክልቱ ውኃ ያወጣል፤ ከዚያ ቅቅል ነው የምትበላው" ይሉኝ ነበር። ቃሪያውን፣ ካሮቱን፣ ጥቅል ጎመኑን አስቀድመው ከትፈው፣ ሥጋውን በበቆሎ ስታርችና በእንቁላል ነጭ አሽተው ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በጣም አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ፣ ጥቂት ደቂቃ እሳት።

የተጠበሰው ሩዝ የፎገራ ሩዝ ነበር። ጋሼ በዕለቱ የተቀቀለ ሩዝ ጨርሶ አይጠብሱም፤ የሚጠበሰው ትናንት ማታ ተቀቅሎ፣ ሰፊ ትሪ ላይ ተበትኖ ያደረው ነው። ትኩስ ሩዝ መጥበሻ ላይ ይለቃል፣ ይጣበቃል፤ ያደረው ግን ፍሬ በፍሬ ይለያያል። የፎገራን ሜዳ ሩዝ ያስለመዱት ደግሞ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ከእነርሱ የቀረ ነው። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ፎገራ ይገኛል። በአንዲት የባሕር ዳር ሳህን ላይ ፒዮንግያንግና ቤጂንግ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው፤ ፖለቲከኞች ይህን ያህል በቀላሉ አይገናኙም።

የቤቱ ንጉሥ ግን አሳው ነበር። ከጣና የሚወጣው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ጉላሹን፣ ኮተሌቱን፣ ለብለቡን፣ ዱለቱን ያውቃል፤ ስለዚህ ጋሼ በአሳ ከማንም ጋር መወዳደር አይችሉም ነበር ትሉ ይሆናል። የቻሉት በነጭ አሳ ነው። ነጭ አሳ ሥጋው ጣፋጭ ነው፣ ግን በሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ሹካ የሚመስሉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት፤ በዚህ ምክንያት ልጅ ያለው ቤት ይፈራዋል። ጋሼ አሳውን ከነቆዳው ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው፣ በተሳለ ቢላዋ ከጀርባው ጀምረው ቆዳውን እየሰነጠቁ፣ ጫፉ አከርካሪው ላይ እስኪደርስ፣ ጣት እንኳ በማይገባበት ርቀት ይተለትሉታል። አጥንቶቹ እዚያው ይቆራረጣሉ። ከዚያ በስታርች ተለውሶ የሚፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ ትልትሉ እንደ አበባ ይከፈታል፤ የተቆራረጠው አጥንትም ከሥጋው ጋር ይንኮሻኮሻል። ቻይናውያን አጥንት የሚበዛበትን የወንዝ አሳ የሚያበስሉት በዚህ መንገድ ነው። ከላዩ ስኳር፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲምና ዝንጅብል ያለበት ስልስ ይፈስበታል። አስተናጋጁ ሳህኑን ይዞ ሲወጣ ስልሱ ገና ይንጫጫ ነበር።

አሳው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ይህን ከደብተሩ ሳይሆን ከጠረጴዛው ነው ያየሁት። በአገራችን ሥጋ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ይለያል፤ ጓደኛሞች አብረው ምግብ ቤት ገብተው አንድ ሳህን ላይ እጅ ለመስደድ ይቸገራሉ። አሳ ግን አይታረድም። የከተማችን ክርስቲያንና ሙስሊም ነጋዴዎች ተዋውለው ሲጨርሱ ቻይና ቤት የሚመጡት ለዚህ ነው። ጋሼም የአሳማ ሥጋ የሚባል ነገር ከበራቸው አስገብተው አያውቁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ ለምን ተዘጋ? እኩዮቼን ብትጠይቁ "አከራዮቹ ጨከኑበት" ይሏችኋል። ይህም አለበት፤ እመጣበታለሁ። ደብተሩ ግን የሚናገረው ሌላ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ገጹ ይሞላል። ጥምቀት ሰሞን፣ የምርቃት ሰሞን፣ ውጭ አገር የኖረ ዘመድ ሲመጣ፣ ወንበር ከጎረቤት ይለመናል። ማክሰኞ ግን ሻይ፣ ለስላሳ፣ አንድ ሁለት ሳህን ሩዝ። ክረምት ሲገባና ጎብኚ ሲጠፋ ደግሞ ረቡዕም ሐሙስም ማክሰኞን መሰሉ። ኪራይ ግን ማክሰኞን አይዘልም። የአስተናጋጅ ደመወዝ፣ መብራት፣ የተገዛው አትክልት፣ ማታ የተቀቀለው ሩዝ፣ ሁሉም ሰው ገባም አልገባም ይከፈልበታል። ቅዳሜ የገባውን ማክሰኞ ይበላዋል። ምግብ ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ ልጆች፣ ጎረቤታችሁ ያለውን ቤት ቅዳሜ ማታ አይታችሁ "ይሄ ሰውዬ ሀብታም ሆነ" አትበሉ። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቡና ተቀመጡ፤ የቤቱን ጤንነት የምታውቁት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው የዱቤ ደብተር ነው። እትዬ ባንኮኒ ሥር የሚያስቀምጧት ጥቁር ልባድ ያላት ደብተር ነበረች። ውስጧ የከተማው የተከበረ ሰው ሁሉ አለ። ወር ሲደርስ የከፈለ አለ፤ "የኔ እናት፣ ነገ" እያለ ተዛውሮ የሄደ አለ። ዛሬ "አይ ቻይና ቤት!" ብለው ከሁሉ አስበልጠው ከሚተነፍሱት መካከል በዚያች ደብተር ስማቸው ሳይሰረዝ የቀረ እንዳሉ አውቃለሁ። ስም አልጠራም፤ የሒሳብ ሰው አፉን ይዘጋል። እናንተ ግን አንድ ቤት ከወደዳችሁ በዱቤ አትውደዱት። ወዳጅነታችሁን ለማሳየት የቤቱን ምግብ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍም ደግ ነገር ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ገብቶ ከፍሎ መብላት ግን ከዚያ ይበልጣል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ደብተሩ ላይ የምግብ ወጪን ሲያንገላታ የኖረው አሳው አልነበረም፤ አሳ ከአስጋሪዎች በርካሽ ይገኝ ነበር። ያንገላታው ጠርሙስ ነው። የአኩሪ አተር ሶስና የተቆላ ሰሊጥ ዘይት አዲስ አበባ ካሉ የውጭ ዕቃ መደብሮች ይገዛና በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይላካል። አንዳንዴ ይሰበራል፣ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል፣ የዶላር ዋጋ በተነቃነቀ ቁጥር እሱም ይነቃነቃል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ሰሊጡ የእኛው ነው፤ ከመተማና ከሑመራ እየተጫነ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ዋነኛዋ ገዢም ቻይና ናት። ሰሊጥ በጆንያ ሸጠን ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ እንገዛለን። አኩሪ አተሩም በፓዊና በጃዊ ይበቅላል። ሶሱ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጨውና የብዙ ወራት መፍላት ነው። ጠላና ጠጅ ስትጠምቅ የኖረች አገር ልጆች ይህን የምትፈሩበት ምክንያት አይታየኝም። ምግብ ቤት ለመክፈት ገንዘብ ላጠራችሁ ልጆች፣ ለምግብ ቤቶች የሚሆነውን ጠርሙስ ማምረት ሳይሻል አይቀርም። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ሒሳቡን ግን ሠርታችሁ አምጡና እንየው።

ግብሩ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ተለወጠ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና የተርን ኦቨር ታክሱ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን የገደለው ግብር ነው ይላል። አልገደለውም። ደረሰኝ የሚይዝ ሰው ነበራቸው።

ኪራዩ ግን፣ አዎ። ውሉ የቃል ነበር። የቤቱ ባለቤት ደግ ሰው ስለነበሩ ወረቀት ማንም አላሰበም። እሳቸው ሲያርፉ ወራሾቹ ቦታውን ለፎቅ ፈለጉት፤ ሕጉ ከእነርሱ ጋር ነበር፣ እኔም ብሆን ምን ብዬ እሟገታለሁ? ጋሼ የሠሩት ምድጃ፣ ያስገቡት የጭስ መውጫ፣ ያስነጠፉት ወለል ሁሉ እዚያው ቀረ። ልጆቼ፣ ቤት ስትከራዩ ዘመኑን፣ የኪራይ ጭማሪውን፣ የምታስገቡትን ዕቃና የምታድሱትን ነገር ማን እንደሚወስደው የሚገልጽ ውል ጽፋችሁ አስመዝግቡ። አከራዩ ደግ ከሆነ ጭራሽ ጻፉ፤ ከክፉ ሰው ጋር ሲሆን ማንም ሳይመክራችሁ ትጽፋላችሁ።

ሌላ ቦታ መከራየት ይቻል ነበር። እትዬ እንዲያውም አንድ ቤት አይተው ነበር። ያልተቻለው የጋሼ ቀኝ ክንድ መታመም ስለጀመረ ነው። ያ የብረት መጥበሻ ከነሩዙ ከባድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያን ማንሣትና መገልበጥ ክንድ ይጨርሳል። ልጆቻቸው ተምረው ሌላ ሥራ ያዙ። ከሥራቸው ሁለት ጎበዝ ረዳቶች ነበሩ፤ ግን ስልሱን ጋሼ የሚሠሩት ረዳቶቹ ሳይገቡ፣ ማለዳ በራቸውን ዘግተው ነው። "ካሳየኋቸው ነገ ከፊት ለፊቴ ይከፍታሉ" ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ጋሼን ብወዳቸውም አልደግፋቸውም። ሙያን መደበቅ የአገራችን የቆየ ሕመም ነው፤ መድኃኒት አዋቂው ቅጠሉን፣ ጠማቂዋ መጠኑን፣ ሰዓት ሠሪው መፍቻውን ይደብቃል፤ ሲያልፉ ሙያውም አብሮ ይቀበራል። ከረዳቶቹ አንዱ ፊት ለፊት ቢከፍት ኖሮ ምናልባት ሁለት ቻይና ቤት ይኖረን ነበር፤ ያኔም ማክሰኞ የባሰ ባዶ ይሆን ነበር ብላችሁ ከተከራከራችሁኝ ግን መልስ አጣለሁ። ያም ሆኖ ሙያ ያለው ሽማግሌ ዘንድ የምትሠሩ ልጆች፣ አሳዩን እያላችሁ አትጨቅጭቁ፤ እሱ በሩን ያዘጋል። የምትገዙለትን ዕቃ መዝግቡ። እኔ ሳላውቀው የያዝኩት ይህን ነው። የቤቱ ስልስ ምን እንደነበር ማንም ጽፎ አልተወም፣ የግዢ ደብተሩ ግን ለቅዳሜ ስንት ኪሎ አሳ፣ ስንት ኪሎ ዝንጅብል፣ ስንት ሊትር ኮምጣጤ፣ ስንት ኪሎ ስኳር እንደተገዛ ይናገራል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ተቀምጬ እነዚያን ቁጥሮች አካፈልኳቸው። ዝንጅብሉ ሁላችንም ከምናስበው በላይ ነበር፤ ስኳሩ ደግሞ ያነሰ። እኩዮቼ "ጣፋጩ አሳ" እያሉ የሚያወሩለት ስልስ እንደሚሉት ጣፋጭ አልነበረም።

ነጩን አሳ በተመለከተ ግን ማካፈልም አያዋጣም። በጣና ከሚገኙት የነጭ አሳ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ ሰው ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ከመግባቱ በፊት አስጋሪው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚሠራው። ከዚያ ወዲህ ነጭ አሳ በብዙ ቀነሰ፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጩ መጣ። አሳ ገበያ ወርዳችሁ አስጋሪዎቹን ጠይቁ፤ የዛሬው ነጭ አሳ ጋሼ ሲተለትሉት ከነበረው ምን ያህል እንደሚያንስ በእጃቸው ያሳዩአችኋል። ስለዚህ ያን ሳህን መልሱልን የምትሉ ሁሉ፣ በመራቢያው ወራት ነጭ አሳ ሲቀርብላችሁ አትግዙ።

ለአሁኑ ቆሮሶ ይበቃል፤ ጋሼ ለእኛ ለቤተኞች ይሠሩት የነበረው በእንፋሎት የበሰለው ከስልሱም ይበልጥ ነበር፤ ምሥጢርም የለውም። ሆድ ዕቃው የወጣና ቅርፊቱ የተላጠ አንድ ሙሉ ቆሮሶ ውሰዱ፤ ሁለቱንም ጎኑን ሦስት ሦስት ቦታ ሰንጥቁት፤ ጨው ነስንሱበት፤ በስንጥቁና በሆዱ ቀጫጭን ዝንጅብል ሰግስጉ። ሳህን ላይ አድርጋችሁ፣ ድስት ውስጥ ከሚፈላ ውኃ በላይ በሚያቆም ነገር ላይ አስቀምጡና ክዳኑን ግጠሙ። መካከለኛ አሳ ከሆነ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ሲወጣና ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ ደርሷል። ሳህኑ ላይ ያጠራቀመውን ውኃ ድፉት፤ ጠረኑ እሱ ውስጥ ነው። ከላይ ጥሬ የባሮ ሽንኩርትና እንደገና ዝንጅብል በትኑበት፣ አኩሪ አተር ሶስ ካላችሁ ጠብ አድርጉበት፤ ከዚያ ሌላ መጥበሻ ላይ ዘይት ጭስ ሊያወጣ እስኪል አግላችሁ ሽንኩርቱ ላይ አፍስሱት። ሲንጫጫ ትሰሙታላችሁ። ጋሼ በሩዝ ነበር የሚያቀርቡት፤ እኔ እትዬ ዞር ሲሉ እንጀራ አስመጥቼ ነው የምበላው፣ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።